አራት ቅጠል ቲኬት

ገበያነሽ የአውሮፕላኑን ቲኬት የገነጠለችው ረቡዕ ማለዳ፣ ገና ቁርስ ሳትቀምስ ነው። መጀመሪያ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች፣ ከዚያ ያቺን ቀጭን ደብተር ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በጥፍሯ ጫን ጫን እያደረገች ቅጠል ቅጠሉን ቀስ ብላ ሳበችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አንዱም ጫፉ አልተቀደደም። ይሄ እጅ በቀበሌው ሱቅ የስኳርና የዘይት ኩፖን ሲገነጥል አሥር ዓመት የኖረ ነውና ሙያውን ማንም አያስተምረውም። ሁለቱን ቅጠል ከነሽፋኑ ለልጇ ለታቢታ ሰጠቻት፤ ሁለቱን በመሐረብ ቋጥራ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠች። «በይ፣ ያንቺን አጥብቀሽ ያዢ። አንዱ መሄጃሽ ነው፣ አንዱ መመለሻሽ። የእኔም እንደዚያው፣» አለቻት። ታቢታ ቅጠሎቹን አየች፣ እናቷን አየች፣ ደግሞ ቅጠሎቹን አየች። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሷን ገልጣ መሀሉ ላይ አስቀመጠቻቸው። 

ማንም ቢሆን በገበያነሽ ቦታ ሆኖ ቢያስበው አይፈርድባትም። በ1980 ዓመተ ምሕረት አዋሳ ውስጥ ቅጠል ማለት ተራ ማለት ነበር። ሰልፍ የረዘመ ቀን አንዷን ቅጠል ገንጥላ ለጎረቤት ትሰጥና ጎረቤቷ ስኳሩን ታወጣላታለች፤ ቅጠሉን የያዘ ይወስዳል፣ ያልያዘ ባዶ ዘንቢሉን ይዞ ይመለሳል። ታዲያ ከስድስት ቀን በፊት ያ ወፍራም ፖስታ ከአሜሪካ ሲመጣ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰችው ታቢታ ደብዳቤውን እየተረጎመች ስታነብ፣ «ቲኬቱ አራት ቅጠል አለው፤ መሄጃና መመለሻ ነው፤ እንዳይጠፋባችሁ» የሚል ቃል እናቷ ሰማች። ለአንድ ሰው ሁለት፣ ለሁለት ሰው አራት። ገበያነሽ ሒሳቡን ከልጅቷ አፍ ቀድማ ጨረሰችና እልል አለች። «ሁለታችንንም! ጌታ ይመስገን፣ ሁለታችንንም ጠራችን!» ታቢታ ደብዳቤውን አጣጥፋ ወደ ፖስታው መለሰችው።

ጠሪዋ ሚስ ካሮል ናት። በታቦር ተራራ ግርጌ በነበረው ክሊኒክ ስድስት ዓመት ነርስ ሆና ሠርታ ካቻምና አገሯ የገባች፣ ከገበያነሽ በርበሬና ኮረሪማ የምትገዛ ደንበኛ ነበረች። የታቢታን ልብ መጀመሪያ ያዳመጠችውም እሷ ናት። በልጅነቷ የያዛት የመገጣጠሚያ ሕመም የልቧን መዝጊያ አበላሽቶታል፤ ልጅቱ አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከውኃ ቦኖ እስከ ቤታቸው ያለችውን ትንሽ ዳገት ሦስት ቦታ ተቀምጣ ነው የምትወጣው። ሐኪሞቹ እዚህ ልቧን ቀዶ የሚያክማት እንደሌለ ነግረዋታል፣ ከዓመት በላይ ትቆያለች ብሎ ደፍሮ የተናገረም የለም። ሚስ ካሮል አገሯ ገብታ በነጻ ቀዶ የሚያክም ሆስፒታል አገኘች። ፓስፖርቱና የመውጫ ቪዛው በሐኪሞች ቦርድ ደብዳቤ ዓመት ከአራት ወር ተለፍቶበት ወጣ። የቀረው ቲኬቱ ነበር፤ እሱም መጣ። ጉዞው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ከጎረቤት የተዋሰችው ሻንጣ ከአልጋው ስር በስድስቱም ቀን ተከፍቶ ነበር። በአንድ ወገን የታቢታ ልብስ፣ በሌላው ወገን የገበያነሽ አንድ ሐበሻ ቀሚስ፣ አንድ ሹራብና ከሻሸመኔ ያስመጣችው ጫማ። ተጫምታው የማታውቀውን ጫማ አሜሪካ ልትመርቀው ነው። ባሏ ደምሴ ካረፈ ወዲህ ዜማ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ደግሞ በቤት ውስጥ ሲዘመር እንኳ ከንፈሯን ነው የምታንቀሳቅሰው። ሰሞኑን ግን በርበሬ ስትለቅም ትዘምራለች፣ ሽሮ ስታማስል ትዘምራለች። ፓስፖርት የላትም፤ ግን ስሟ ቲኬቱ ላይ ከተጻፈ ሌላው አያቅትም ብላለች። ዛሬ ልታጽፈው ነው። ስሙኒ ከፍላ ጋሪ ያዘችና ባህል አዳራሽ አጠገብ ወዳለው የአየር መንገድ ቢሮ ወረደች።

የቲኬት ቢሮው አንዲት ክፍል ናት። የብረት ጠረጴዛ፣ ጥቁር ስልክ፣ ለደንበኛ የሚሆን አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ አውሮፕላን ያለበት ካሌንደር። ጠረጴዛው ላይ ክንፉ በፕላስተር የታሸገ ትንሽ የአውሮፕላን ሞዴል ቆሟል። ሠራተኛው አቶ ባህሩ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ሸሚዙን በወጉ የሚተኩስ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ሥራው አንድ ቀን እንኳ ያልበረረ ሰው ነው። ገበያነሽ መሐረቧን ፈትታ ሁለቱን ቅጠል ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ በፈገግታ ተቀበላት፤ ከዚያ ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ማነው የገነጠለው፣ እትዬ?»

«እኔ ነኝ። ያው ለሁለት ሰው አይደል? የልጄን ሰጠኋት። የእኔ ላይ ስሜን ጻፍልኝ፤ ገበያነሽ ጡምሶ።»

ባህሩ ወንበሩን ስቦ ከጠረጴዛው ወዲህ ዞረና አግዳሚው ላይ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ይሄኔ ነው ገበያነሽ ደግ ነገር እንደማትሰማ ያወቀችው። ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ጎንህ የሚቀመጠው ለመርዶ ነው። ቅጠሎቹን በጣቱ እያሳየ ነገራት። አራቱም የአንድ ሰው ናቸው። አንደኛው ከአዲስ አበባ ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ያደርሳል። እዚያ አውሮፕላን ይለወጣል፤ በሁለተኛው አሜሪካ ይገባል። የቀሩት ሁለቱ በዚያው መንገድ መመለሻ ናቸው። የተጻፈው ስም አንድ ነው፣ ታቢታ ደምሴ። ከግርጌው ደግሞ በደቃቅ ፊደል፣ ተገንጥሎ በመጣ ቅጠል መሳፈር አይቻልም ይላል።

የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቷ ቤቷ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል፤ የአማርኛ ጋዜጣ አርእስት ታነባለች። ይሄን የፈረንጅ ፊደል ግን እንደ ጉንዳን መንገድ ከማየት ሌላ ምን ታደርገዋለች።  የራሷ ጉዞ መቅረቱ ገና ልቧ አልደረሰም። በገዛ ጥፍሯ የልጇን ዕድሜ እንደ ስኳር ኩፖን ገነጠለችው ማለት ነው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችው ይለቀም እንደሆነ አላወቀችም።

«ሁለቱ የት አሉ?» አለ ባህሩ። «ሽፋኑስ? አንዱም ሳይጎድል ይምጡልኝ፤ ያለዚያ አዲስ አበባ መጠየቅ እንኳ አልችልም።»

ጋሪው ዳገቱን አልወጣም ብሎ የመጨረሻውን መንገድ ሮጠችው። ታቢታ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥታ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ገበያነሽ እጇን ዘረጋች። «እነዚያን ቅጠሎች አምጪልኝ እስቲ፣ ሽፋኑንም፣» ብቻ አለች። ልጅቱ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ገብታ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ መጣች፣ ሁለቱን ቅጠል አወጣች፣ ከሽፋኑ ጋር አስተካክላ ሰጠቻት። እጆቻቸው ለአፍታ ወረቀቱን አብረው ያዙት። ገበያነሽ የልጇ ጥፍር ከሕመሙ ዛሬም እንደጠቆረ አየች። ከዚያ ዞራ ዳገቱን ወረደች።

ወደ አዲስ አበባ ስልክ የተገኘው አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው፤ ያውም ባህሩ ማዞሪያ ላይ ያለችውን ልጅ በእናቷ ስም ለምኖ። ከዚያ ጫፍ የሺ የምትባል ሠራተኛ አነሣች። ባህሩ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበላት፤ እየጮኸ፣ እየደገመ። ስልኩን ሲዘጋ ግንባሩ በላብ ረጥቦ ነበር። «የቲኬቱ ባለቤት የአሜሪካኖቹ ኩባንያ ነው፤ ይተካ ብሎ የሚፈቅደው እሱ ነው። የሺ በቴሌክስ ማሽን ጽፋ ጠይቃለች፣» አለ።

«እስኪነጋላቸው ልንጠብቅ ነው? እዚያ ሌሊት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ሌሊት ነው፤ ግን እዚያ ቤት ሁልጊዜ የነቃ ሰው አለ።»

ገበያነሽ ይሄን አሰበችው። በዓለም ጫፍ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት፣ አንድ የማታውቀው ሰው መብራት አብርቶ ተቀምጦ የታቢታን ስም ያነባል። ባህሩም ሥራ አልነበረውምና ሽፋኑን እያገላበጠ አንድ ነገር አይቶ አፏጨ። «እትዬ ገበያነሽ፣ እኔ እንዲህ ያለ ቲኬት አይቼ አላውቅም። ከአዲስ አበባ የሚነሣው የበረራ ቁጥር የአሜሪካኖቹ ነው። የምትሳፈርበት አውሮፕላን ግን የእኛው ነው። እነሱ ስሙን ጻፉ፣ እኛ ወንበሩን ሰጠን። ተስማምተዋል።»

«የዲላው አውቶቡስ ሲበላሽ የይርጋለሙ በዚያው ቲኬት እንደሚጭነን?»

«ልክ እንደዚያ፤ እነዚህ ግን ሳይበላሽ ነው የተስማሙት።» ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ለገበያነሽ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ትንፋሽ ነበር። ከዚያ ባህሩ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ። «ደግሞ ይዩ፣ ዋጋው ባዶ ነው። በገንዘብ ቢገዛ አራት ሺህ ብር የሚጠጋ ቲኬት ነው። ማን ነው የላከው?»

ገበያነሽ ደብዳቤውን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ታቢታን ስድስት ጊዜ አስነብባታለች። የሚስ ካሮል ወንድም ማሽን ሻጭ ነው፤ በየሳምንቱ ከከተማ ከተማ ይበራል፤ ቲኬቱን የሰጠው እሱ ነው፤ «ኩባንያው ስለ ደንበኝነቱ የሰጠው ነው» የሚል ቃል አለበት፤ ይሄ ቃል ለሁለቱም አልገባቸውም ነበር። ባህሩ ግን ሰምቶ ያውቃል። ሰውየው በበረረ ቁጥር ኩባንያው የተጓዘውን ማይል ይመዘግብለታል፤ ሲጠራቀም አንድ ጉዞ በነጻ ይሰጠዋል፤ ከፈለገ ለራሱ፣ ከፈለገ ለሌላ።

«ታዲያ ምርቃት ነዋ!» አለች ገበያነሽ ከወንበሩ ብድግ ብላ። «ብዙ ለገዛ ደንበኛ ይመረቅለታል። ምን ያስደንቃል፣ እኔም በርበሬ በምሰፍርበት ጣሳዬ አደርገዋለሁ።» ወዲያው ደግሞ ፊቷን አጨማደደች። «ግን ይቆጥሩታል አልክ?»

«ማይል በማይል።»

«ምርቃት ይቆጠራል እንዴ?» አለችና ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው የደብዳቤው መጨረሻ ትዝ ያላት። «ለወንድሜ ስለ ጣሳሽ ነገርኩት» ይላል። ፈረንጅ ያለ ነገሩ ምን ይጽፋል ብለው እናትና ልጅ ስቀውበት ነበር። አሁን ግን ሚስ ካሮል በርበሬ ተራ፣ ከፊቷ ቁጢጥ ብላ ታየቻት። ገበያነሽ ጣሳውን ሞልታ በመዳፏ አፉን ታስተካክለውና ከረጢቱ ውስጥ ትገለብጠዋለች፤ ከዚያ አንድ እፍኝ፣ ደግሞ አንድ እፍኝ ትጨምራለች። «በቃ! በቃ! ለምን?» ትላለች ሚስ ካሮል በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። «ደንበኛዬ አይደለሽ፣» ትላታለች። ነገሩ ይኸው ነው። አዋሳን በካርታ እንኳ የማያውቅ አንድ ሻጭ፣ ስንት ሳምንት ከቤቱ ርቆ ያጠራቀመውን፣ ስለ አንድ እፍኝ በርበሬ ብሎ ለታቢታ ሰጣት። ገበያነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ባህሩ የመስኮቱን መጋረጃ የሚያስተካክል መሰለ።

ቢሮው ለምሳ ሲዘጋ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሲከፈት ገባች። ሁለት ነጋዴዎች መጥተው ለአዲስ አበባ ጠይቀው ሄዱ። ከሐይቁ በኩል ነፋስ እየገባ ካሌንደሩን ያገላብጠዋል። የራሷ መቅረት ቀስ እያለ የገባት በዚያ ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ አልፋ የማታውቅ ልጅ፣ በታመመ ልብ፣ መንገድ ላይ አውሮፕላን ለውጣ፣ ዘመድ በሌላት አገር ብቻዋን ልትወርድ ነው። እሷ ሕፃን ልጅ በአውቶቡስ ዲላ ስትልክ እንኳ ለሾፌሩ አደራ ብላ፣ ለረዳቱ አደራ ብላ፣ ጎኑ ለተቀመጠው ሰው አደራ ብላ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ፣ «አቶ ባህሩ፣» አለች፣ «በዚያ ቴሌክስ አደራ ይጻፋል?»

«አደራ እንኳ አይጻፍም፣ እትዬ።» ይሄን ብሎ እርሳሱን አነሣ። «ቢሆንም ልሞክር። በሽተኛ ናት፤ ብቻዋን ናት፤ በየደረሰችበት ከእጅ ወደ እጅ ይቀበሏት። ይሄ ይጻፋል።»

«አደራ ማለት እሱ ነው፣» አለች ገበያነሽ።

ሁለተኛው ጥሪ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሳካ፤ ባህሩም መልእክቱን ቃል በቃል አስጻፈ። መልሱ የመጣው አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ቢሮው ሊዘጋ ሲል ነው። ስልኩ ሲጮህ ባህሩ ራሱ ደነገጠ። ጆሮው ላይ ለጥፎ «እሺ፣ እሺ» ሲል ቆየና እጀታውን ወደ ገበያነሽ ዘረጋው። «ይስሟት። ለእርስዎ ታንብብልዎ ብያታለሁ።» በሕይወቷ ስልክ ይዛ አታውቅም። ገልብጣ ያዘችው፤ ባህሩ አዙሮ ጆሮዋ ላይ አደረገላት። የየሺ ድምፅ እንደ ጓዳ ሰው ቅርብ ነበር። አሜሪካኖቹ ፈቅደዋል፤ አራቱ ቅጠል ከነሽፋኑ አንዱም ሳይጎድል አዲስ አበባ ሲደርስ ሌላ ቲኬት በታቢታ ስም ይተካል። ደግሞ ሌላም መልስ አለ። «ከአዲስ አበባ፣ ተቀብለናል። ከፍራንክፈርት፣ ተቀብለናል። ከአሜሪካ፣ ተቀብለናል። በየቦታው ስሟን ጽፎ የሚጠብቃት ሰው አለ፣ እናቴ።»

ሦስት ጊዜ። የልጇን መልክ ያላዩ፣ እርስ በርስም የማይተዋወቁ ሰዎች፣ በሦስት አገር፣ በአንድ ቀን። ገበያነሽ እጀታውን በሁለት እጇ እንደያዘች ብድግ አለችና ለጥቁሩ ስልክ ወገቧ እስኪታጠፍ እጅ ነሣች። ባህሩ አልሳቀም። እሱም ቆሞ ነበር።

ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ዘንበል ብላለች። ታቢታ ሽሮ ጥዳ ትጠብቃት ነበር። ገበያነሽ ሻንጣውን ከአልጋው ስር ጎትታ አወጣች። ሐበሻ ቀሚሷን አንሥታ ምስማሩ ላይ ሰቀለችው፤ ሹራቧን አጥፋ አልጋው ላይ አኖረች፤ ጫማውን ወደ ሣጥኑ መለሰችው። የሻንጣው ግማሽ ባዶ ቀረ። ታቢታ ከምድጃው ጎን ቁጭ ብላ ሁሉንም አየች።

«አውቅ ነበር፣ እማዬ፣» አለች ኋላ። «ከመጀመሪያው ቀን። አራቱም ላይ የእኔ ስም ነው ያለው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«መገንጠሉ እንደሚያበላሸው አላወቅኩም። ዛሬ ልነግርሽ ነበር፣ ነገ ልነግርሽ ነበር። ግን ትዘምሪ ነበር።» ልጅቱ ትንፋሽ አጠራት፤ አረፍ ብላ ቀጠለች። «አባዬ ከሞተ ጀምሮ ሰምቼሽ አላውቅም። ስድስት ቀን ሰማሁሽ።»

ገበያነሽ የስልኩን ነገር፣ የሦስቱን «ተቀብለናል» ነገር ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ ተወችው። ይልቅ የበርበሬውን ስልቻ ከጥጉ ጎትታ ጣሳዋን አነሣች፤ ንጹሕ የጨርቅ ከረጢት ፈልጋ ለታቢታ አስያዘቻት። «ለሚስ ካሮልና ለወንድሟ ነው፣» አለች በመጨረሻ። አንድ ጣሳ ሞልታ፣ በመዳፏ አስተካክላ፣ ገለበጠች። ሁለተኛውን ሰፍራ ገለበጠች። ከዚያ ጣሳውን መሬት አኑራ ባዶ እጇን ስልቻው ውስጥ ከተተች።

አንድ እፍኝ ጨመረች። ሌላ እፍኝ ጨመረች። በርበሬው ከከረጢቱ አፍ ደረሰ፤ እጇ ግን አልቆመም፤ መዜሟ ይሁን ማልቀሷ ያልለየለት ድምፅ ከጉሮሮዋ ይወጣል። ታቢታ ከረጢቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዕንባዋ እየወረደ፣ እንደ ልጅነቷ ትቆጥር ጀመር። «አምስት... ስድስት... ሰባት...»

«አትቁጠሪ፣» አለቻት ገበያነሽ። «ምርቃት አይቆጠርም።» ደግሞም እጇን ወደ ስልቻው ሰደደች።